የማኅደሩ ማንገቻ

እኔና የኔታ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ስንኖር ያልተጣላንበት ሳምንት ካለ፣ ከሁለት አንዳችን ታመን የተኛንበት ነው። የኔታ ማለት የለመድኩትም ዛሬ ስጽፍ ነው። ያን ጊዜ ፊት ለፊት አንቱ፣ ጓዳ ስገባ አንተ፣ ሲብስብኝ ደግሞ ወረቀት ላይ የማላሰፍረውን ነበር የምላቸው። እሳቸውም ቢሆኑ አይተኙልኝም። ስሜን እያወቁ አንድ ቀን ጠርተውኝ አያውቁም። «የአዲስ አበባይቱ» ነበርኩ፤ ሲያሻቸው «ሰልባጇ»፣ ሲከፋቸው «ሌባይቱ»።

ግቢው የሳቸው ነበር። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ክፍል፣ ፊት ለፊቱ አንድ የማንጎ ዛፍና አንድ ቧንቧ። ደርግ የከተማ ቤት ሲወርስ ሁለቱን ክፍል ትርፍ ቤት ብሎ ወሰደባቸው፤ የሚተኙበትን አንዱን ተወላቸው። ሁለቱ ክፍሎች ወደ ቀበሌ ገቡ፣ ቀበሌው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ለእኛ ሰጠ። ባለቤቴ ያኔ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ነበር። ቁልፉን ሲሰጡን ቤቱ የማን እንደነበር የነገረን ሰው የለም። የነገሩን እሳቸው ናቸው፤ በገባንበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፍራሽ ተሸክሜ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ። ከደጃቸው አልተነሡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ሌባ እንኳ ሌሊት ነው የሚመጣ» አሉ።

ባለቤቴ ሳቀ። እሱ ነገር ከላዩ ላይ የሚንሸራተት ሰው ነው፤ ወር ሳይሞላው ከሳቸው ጋር ማንጎው ሥር ተቀምጦ ስለ ዝናብ ያወራ ነበር። እኔ ግን ያችን ቃል ውጬ ማለፍ አቃተኝ። የማንንም ቤት አልሰረቅኩም። ማመልከቻ ጽፈን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ኪራይ እየከፈልን የገባን ሰዎች ነን። አራት ዓመት ሙሉ ከሰውየው የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌባ አለመሆኔን በራሳቸው አፍ እንዲነግሩኝ። ይቅርታ ይጠይቁኝ አላልኩም። «ተሳስቻለሁ» ይበሉና ይብቃን። እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም። ያችን አንዲት ቃል ሳልሰማ ከዚያ ግቢ አልወጣም ብዬ ነበር።

ሥራዬ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ማደስ ነበር። አባቴ ጫማ ሰፊ ስለነበር ወስፌ፣ ሰም የተቀባ ክርና ማስቲሽ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ አልጠፉም። ባሕር ዳር ስመጣ የሚቀጥረኝ መሥሪያ ቤት አጣሁ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ፣ ከልብሱ እስር መሐል ተጨፍልቆ የወጣ የሴት ቦርሳ በእግሯ ገፋ ስታደርገው አየሁ። ሰልባጅ ከፈረንጅ አገር በእስር በእስር የሚመጣ የተለበሰ ልብስ ነው፤ ያን ጊዜ በመተማ በኩል ተደብቆ ይገባ ነበር። ልብሱን ሰው ይሻማበታል፤ ቦርሳውን የሚያየው የለም። አነሣሁት። አፉ ተጣሟል፣ ሻጋታ በልቶታል፣ ውስጡ የከንፈር ቀለም ቀልጦ ገበሩን አበላሽቶታል። ቆዳው ግን ጤነኛ ነበር። ቆዳው ጤነኛ ከሆነ የቀረው ትዕግሥት ነው፤ እኔ ደግሞ ለሰው የሌለኝ ትዕግሥት ለቆዳ አለኝ።

መጀመሪያ ቦርሳውን ገልብጬ ሆዱን አራግፋለሁ። የማይወጣ ነገር የለም፤ የፀጉር ሽቦ፣ የአውቶቡስ ቲኬት፣ የደረቀ ከረሜላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነድዱ። ከዚያ ገበሩን ፈትቼ በሳሙና አጥቤ ማንጎው ላይ አሰጣዋለሁ። ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ እጠርገዋለሁ እንጂ አልነክረውም። የቅባትና የቀለም እድፍ በትንሽ ላምባ ይለቃል፤ ላምባው ሳይውል ሳያድር በሳሙና ካልተጠረገ ግን ቆዳውን ያደርቀዋል። ዘለበቱን በአመድና በሎሚ አሸዋለሁ። ቅርጹን የሳተውን ቦርሳ ሆዱን ሞልቼ ጥላ ሥር አቆየዋለሁ። መጀመሪያ የምሞላው በጋዜጣ ነበር፤ አንዲት ደንበኛዬ ቦርሳዋን ስትከፍት ጓድ ሊቀመንበሩ ተጨማደው ከውስጥ ቢያይዋት ደንግጣ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በጭድ ሆነ።

ማጠናቀቂያው ሰም ነው። የጧፍ ቁራጭ ከኑግ ዘይት ጋር አቅልጬ ሳይበርድ በጣቴ አሸዋለሁ። የአንዳንዱ ቦርሳ ቆዳ የፀጉሩ ቀዳዳ ሰፋፊ ነው፤ እሱን በሰም ደፍኜ ቀለም ስቀባበት ልሙጥ ሆኖ ያበራል። ደንበኞቼ አስተማሪዎች፣ ነርሶችና የቢሮ ጸሐፊዎች ነበሩ። ቦርሳ ማንጠልጠል የቡርዣ ነገር ነው ብለው ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሴቶችም አልቀሩም፤ እነሱ ሲመጡ በጓሮ ነበር የሚመጡት።

የኔታ ቦርሳዎቹን የሬሳ ጓዝ ይሏቸዋል። ያን ጊዜ ሰልባጅ የሞተ ሰው ልብስ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ የሚለብሰውም ሰው እያማ ነበር የሚለብሰው። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ተቀምጠው ገበሮቹን ስሰቅል ይጠብቁኛል።

«ሙት የጣለውን ነው ደጄ የምትሰቅይብኝ?»

«ደጅዎ አይደለም፤ የመንግሥት ማንጎ ነው» እላለሁ።

የመንግሥት ማንጎ! ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ዛፉን በእጃቸው የተከሉት እሳቸው ነበሩ።

እሳቸው ደግሞ የሚውሉት ብራና ሲፍቁ ነው። የፍየል ቆዳ ዘፍዝፈው፣ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ፀጉሩንና ሥጋውን ፍቀው ለመጽሐፍ ያዘጋጃሉ። ዝፍዝፉን የሚያስቀምጡት ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል በእኔ መስኮት ሥር ነው። በአራተኛው ቀን ሽታው እንጀራ አያስቆርስም። እኔም ብሆን የላምባዬን ክዳን የምከፍተው ነፋሱ ወደሳቸው በር ሲዞር ጠብቄ ነበር።

በዚህ ሽታ ምክንያት በተጣላን ቀን «አንች ፋቂ!» አሉኝ። ፋቂ በዚያ አገር ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ቡዳ ይሉታል፣ ከልጁ አይጋቡም፣ ማዕድ አይቀርቡትም። ብራና የሚፍቀውን ግን ሊቅ ብለው ትከሻውን ይስሙታል። ሁለቱም ቆዳውን የሚያነሡት ከፍየልና ከበግ ጀርባ ነው።

«እኔ ፋቂ ልሁን፤ እርስዎስ ሲፍቁ የሚውሉት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እኔ የምፍቀው ላይ ዳዊት ይጻፍበታል። አንች የምትፍቂው የምን እንደሆነ እንኳ አታውቂም» አሉ።

ቧንቧውን እየቀዱበት ሳለ ዘግቼባቸው ገባሁ።

በሦስተኛው ዓመት የቀበሌ ሰዎች መጥተው ኮንትሮባንድ ይዘሻል ብለው ቤቴን ፈተሹ፤ ያለቁ ሦስት ቦርሳዎች ወሰዱብኝ። ከሦስቱ አንዱን በሳምንቱ በአንዷ ባለሥልጣን ሚስት ክንድ ላይ አየሁት፤ ያማረ ሥራ ስለነበር ከሩቅ ነው የለየሁት። የጠቆሙብኝ የኔታ ናቸው ብዬ ደጃቸው ላይ ጮኽኩ። «እኔ ቤቴን ከወሰደ ደጅ አልቆምም» ብለው በታቦት ማሉልኝ። አላመንኳቸውም። «ጠቋሚ» አልኳቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሌባይቱና ጠቋሚው በአንድ ቧንቧ ስንቀዳ ከረምን።

ከአባታቸው የወረሱት የብራና ዳዊት ነበራቸው። ዳዊቱ የሚቀመጠው በማኅደር ውስጥ ነው፤ በቆዳ ተሰፍቶ በትከሻ በሚነገት የመጽሐፍ ከረጢት። ማኅደሩንም አባታቸው ናቸው ዱርቤቴ ሳሉ በእጃቸው የሰፉት። ዘወትር ማለዳ አውጥተው ደጃቸው ላይ ይደግማሉ። ዓይናቸው እየፈዘዘ መጥቶ ስለነበር በመጨረሻዎቹ ዓመታት በቃላቸው ነበር የሚሉት፤ ገጹን መግለጥ ግን አልተዉም። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ያንኑ ማኅደር አንግተው፣ ልጅ ሆነው ወደተማሩባት የጣና ደሴት ገዳም ለንግሥ ይሄዳሉ። ማሕሌት ይቆማሉ፣ ቆርበው ይመለሳሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም።

በአራተኛው ዓመት ንግሡ ሳምንት ሲቀረው የማኅደሩ ማንገቻ ተበጠሰ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳዊቱ ከነማኅደሩ ጭቃ ላይ ወደቀባቸው። ከሰዓት በኋላ ደጄ መጥተው ቆሙ። በአራት ዓመት ውስጥ ደጄ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ወስፌሽን አውሽኝ» አሉ።

እንደምን ዋልሽ የለ፣ እባክሽ የለ። የለኝም ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ወስፌው ግን እጄ ላይ ነበር። ሰጠኋቸው። ደጃቸው ተቀምጠው የተበጠሰውን ከቀረው ጋር ሊያያይዙ ጀመሩ። ቀዳዳውን በጣታቸው ፈለጉ፣ ወስፌውን ሰደዱ፤ ሳተና አውራ ጣታቸውን ወጋ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ጣታቸው። ደሙ ማኅደሩን እንዳይነካ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ነጠላቸው ላይ ይጠርጉና ይመለሳሉ። እንዲህ ሆነው ባየኋቸው ብዬ ስንት ጊዜ የተመኘሁ ሴት ነኝ። ደስ አላለኝም። ይልቅ ተናደድኩ፤ በሁለት እጅ የሚያልቅ ሥራ እንዲህ ሲበላሽ ቆሜ ማየት አልችልም። ሄጄ ከእጃቸው ወሰድኩት።

«ምን ልታደርጊ?»

«ልሰፋልዎ። እርስዎ ጣትዎን ነው የሚሰፉት።»

«ገበያ ወርጄ ለእነዚያ ላልሰጥ ብየ ነው» አሉ። እነዚያ ያሉት ቆዳ አልፊዎቹን ነው።

«ለፋቂ ላለመስጠት ለፋቂ ሰጡ እንግዲህ» አልኳቸው።

አልሳቁም። ማኅደሩን ግን መልሰው አልወሰዱብኝም።

አሮጌው ማንገቻ እንደ ደረቀ ልጥ ይሰባበር ነበር፤ መስፋት አይቻልም፣ አዲስ መቁረጥ ነበረብኝ። ገበያ ላይ የሚሸጠው የፍየል ቆዳ ስስ ነው፤ ያን የሚያህል ዳዊት ዓመት አይሸከምም። ከአልጋዬ ሥር አንድ ነገር ነበረኝ። ሆዱ ተቀዶ ለምንም ያልሆነ ትልቅ የመንገድ ቦርሳ ገዝቼ ማንገቻውን ብቻ ፈትቼ ለራሴ አስቀምጬ ነበር። ወፍራም ሆኖ ልስልስ፣ ቢጎትቱት የማይረዝም፣ ቢያጥፉት የማይሰነጠቅ። እንዲህ ያለ ቆዳ ከዚያ በፊት በእጄ አልገባም። የፀጉሩ ቀዳዳዎች ሦስት ሦስት ሆነው በመላ ገላው ላይ ተረጭተዋል። አባቴ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ የፈረንጅ ጥጃ እንዲህ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ለራሴ ቦርሳ ላበጅበት ሁለት ዓመት የቆጠብኩትን ማንገቻ ነው በመቀስ የቆረጥኩላቸው።

ደግነት እንዳይመስልብኝ። ግማሹ እልህ ነበር። ሌባ ያሉት እጅ ምን እንደሚሠራ ያያል፣ ማየት ካልቻለም ይዳስሳል ብዬ ነው። ሌላው ግማሽ ምን እንደነበር ያን ጊዜም አላወቅኩትም።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ማኅደሩ በዘመንና በእጅ ብዛት ጠቁሮ ወደ ቀይ የሚያደላ መልክ ይዟል፤ የእኔ ማንገቻ ፈዛዛ ቡናማ ነበር። ጥቁርና ቀይ የጫማ ቀለም እየቀላቀልኩ ሦስት ጊዜ ቀባሁት፣ ሦስት ጊዜ በላምባ ጠረግኩት፤ በአራተኛው ተመሳሰለልኝ። እነዚያ ሦስት ሦስት ቀዳዳዎች ግን አሁንም ያስታውቃሉ፤ የአባታቸው ሥራ ልሙጥ ነው። የጧፍ ሰም አቅልጬ በመርፌ ጫፍ እያነሣሁ አንድ በአንድ ደፈንኳቸው። የደንበኛ ሥራ ቢሆን በጣቴ አሽቼ እተወው ነበር። ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ አገላብጦ አየውና «አዲሱ የቱ ነው?» አለኝ።

ስወስድላቸው ጣታቸውን ከማንገቻው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው አስኬዱ። ስፌቱን ዳሰሱ። ጎተት ጎተት አደረጉት።

«የምን ቆዳ ነው?»

«የጥጃ ነው፣ የኔታ።»

የኔታ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ አምልጦኝ ነው የወጣው። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

«እጅሽ ቆዳ ያውቃል» አሉ።

ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የጠበቅኳት ቃል እሷ አልነበረችም፤ ግን የመጣችው ከዚያው አፍ ነው። በማግስቱ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ዝፍዝፉ ከሥሩ የለም፤ ጎትተው ከማንጎው ወዲያ አድርሰውታል። የጋኑ ቦታ እርጥብ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ሐሙስ ማለዳ ዳዊታቸውን አንግተው ሲወጡ ደጄ ላይ ቆም ብለው «እንደምን አደርሽ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ይግቡ» አልኳቸው። ባለቤቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ደንበኛ ለሚስቱ ያሳደሰውን ቦርሳ ሊወስድ መጣ። ግብርና መሥሪያ ቤት የቆዳና ሌጦ ባለሙያ ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ቦርሳውን እየጠቀለልኩለት ሳለ ከማንገቻው የተረፈውን ቁራጭ ከጠረጴዛዬ ላይ አነሣና ወደ ብርሃን አዞረው።

«የአሳማም ትሠሪያለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«የምን አሳማ?»

«ይኸው፣ ሦስት ሦስት ቀዳዳ። ይኼ አወጣጥ የአሳማ ፀጉር ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ጓንትም ቦርሳም ይሠሩበታል፤ ምርጥ ቆዳ ነው።»

ቁራጩን ከእጁ ነጥቄ ምድጃ ውስጥ ወረወርኩት። ግራ ገብቶት ቦርሳውን ይዞ ሄደ። የአሳማን ስም እንኳ በአፋቸው የማይጠሩ ሰው ናቸው የኔታ። ዳዊታቸውን ያንጠለጠልኩላቸው በአሳማ ቆዳ ነው፤ አንግተውት የሄዱት ደግሞ ቅዱስ ቁርባን ሊቀበሉ ነው።

ነጠላዬን አንሥቼ ሐይቁ ዳር ድረስ ሮጥኩ። አንድ ባለታንኳ እንጨት እያራገፈ ነበር። ወደ ገዳሙ የሚሄድ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ነገ ማለዳ ነው የምሻገር። መልእክት አለሽ?»

አለኝ፣ ግን ምን ብዬ ልላከው? የየኔታ ማኅደር የተነገተበት የአሳማ ቆዳ ነው ብለህ ንገር? ከሱ አፍ ወጥቶ እሳቸው ዘንድ እስኪደርስ ደሴቲቱ ሁሉ ይሰማዋል። ራሴ ልሻገር እንዳልል ገዳሙ ሴት አይገባበትም፤ ታንኳው ላይ እንኳ አያስወጡኝም። ባለቤቴ እሑድም ተረኛ ስለሆነ መጋዘኑን ጥሎ አይሄድም። ባለታንኳው እንጨቱን ትቶ ይጠብቀኛል። «ተወው» አልኩትና ተመለስኩ።

ባለቤቴ ስነግረው ትንሽ አሰበና «ዝም በይ» አለኝ። «ዓይናቸው አያይም፤ ቀዳዳውን ደፍነሽዋል። የማይታወቅ ነገር ለምን ታነሽዋለሽ? ገና አሁን ታረቃችሁ።» እውነቱን ነው። ብነግራቸው በአራት ዓመት ያገኘኋትን አንዲት ሰላምታ አጣለሁ። ዝም ብል ግን ዕድሜ ልካቸውን ያን ነገር በትከሻቸው ተሸክመው ይጸልያሉ፤ እኔም በየማለዳው መስኮቴ ላይ ቆሜ አያለሁ። እሑድን ሙሉ አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ ስል ዋልኩ። ሲመሽ ልነግራቸው ቆረጥኩ። አሮጌውን ማኅደር እኔው አጥቤ፣ በንጹሕ የፍየል ቆዳ እንደገና ልሠራላቸው፣ ጠበል የሚያስፈልገው እንደሆነም ካህን ይጠይቁ ብዬ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ መጡ። ዳዊቱን በጋቢ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። ማኅደሩ ትከሻቸው ላይ የለም። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«የኔታ፣ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«እኔ ልንገርሽ» አሉ።

ቆመው ነው የነገሩኝ። ሐይቁ መሐል ማዕበል ተነሥቶ ውሃው ማንገቻውን አራሰው። ደሴቲቱ ደርሰው እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ አሰጡት። ፀሐዩ ሰሙን አቀለጠው። ሊያነግቱት ሲያነሡት ጣታቸው ቀዳዳ አገኘ።

«ሦስት ሦስት ነው። ልጅ ሆኘ ዱርቤቴ፣ በአባቴ በቆሎ ላይ ተገድሎ የወደቀ ከርከሮ ዳስሻለሁ፤ ጀርባው እንደዚያ ነበረ። ስልሳ ዓመት ቆዳ ነክቻለሁ፣ ሌላ እንዲያ ያለ አላገኘሁም።»

ወደ ቅጥሩ አልገቡም። ማሕሌቱን ከውጭ ዛፍ ሥር ቆመው ሰሙ። አልቆረቡም። የሚያውቋቸው መነኮሳት ምን ሆኑ ብለው ሲጠይቋቸው አሞኛል አሉ። የአባታቸውን ማኅደር ከነማንገቻው ድንጋይ አስረው ሐይቁ ውስጥ ጣሉት።

«አላወቅኩም» አልኳቸው። «ቅዳሜ ነው ያወቅኩት። ሐይቁ ዳር ድረስ ሄጄ ነበር። በታቦት እምላለሁ፣ የጥጃ ነው ብዬ ነው።»

«ሰሙንስ?»

«የቱን ሰም?»

«ቀዳዳውን አንድ በአንድ ደፍነሽዋል። አንድ አልቀረሽም። ያላወቀ ሰው ምን ሊሸሽግ ይደፍናል?»

እንዲያምር ብዬ ነው አልኩ። ከአባትዎ ሥራ እንዳይለይ ብዬ ነው። እውነቱ ይኸው ነበር፤ ስናገረው ግን ለራሴ ጆሮም የውሸት መሰለ። የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እንዲያ አድርጎ የሚሠራ ሰው የሚሠራበት ቆዳ የምን እንደሆነ አያጣውም» አሉ። «ረቡዕ ለንስሐ አባቴ ምን እንዳልሁ ታውቂያለሽ? ቤቴን የወሰደ አዋጅ ነው፣ ልጅቱ አይደለችም፤ ሌባ ያልኋት በድያት ነው ብየ ተናዘዝሁ። ስመለስ ልነግርሽ ነበር።»

ቃሏን ሰማኋት። አራት ዓመት የጠበቅኳት እሷ ናት።

«ቤቴን አዋጅ ወሰደው» አሉ። «ይህን ግን የወሰድሽብኝ አንች ነሽ።»

ገብተው በሩን ዘጉ።

መለመን ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። «ጠልቼዎት ቢሆን ሰሙ ምን አደከመኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ብጠላዎት ኖሮ እንደነገሩ ነበር የምሰፋልዎ!» ጎረቤቱ አጥር ላይ ወጣ። ባለቤቴ መጥቶ በወገቤ ይዞ ጎትቶ አስገባኝ፤ እያስገባኝም «በቃሽ፣ አትጠያቸውም፣ ሁላችንም እናውቃለን» ይለኛል። እሱም አላወቀም። እጠላቸው ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም። ያልጠላኋቸው ማንገቻውን የሰፋሁባቸውን ሁለት ቀናት ብቻ ነው።